መንግሥትና ኪነ ጥበብ፤ ለግንቡ ነው ወይስ ለባለሙያው?

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግርና የክርክር ክፍል አባሎች ተዘጋጅቶ በማኅበሩ ጉባኤ ላይ የተነበበ)

በዛሬው ምሽት እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት «መንግሥታት በልዩ ልዩ አገሮች ለኪነ ጥበብ የሚሰጡት እርዳታ» የሚል ነው። አርእስቱ ሰፊ ነው፤ የተሰጠን ጊዜ ግን አጭር ነው። ስለዚህ ዓለምን ሁሉ ልንዞር አንሞክርም። ከዚሁ ከጎንደር ተነሥተን፣ ጥቂት አገሮችን አይተን፣ ተመልሰን ወደ ጎንደር እንገባለን። የምንጠራቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆኑ «ዓ.ም.» እንላለን፤ በውጭው አቈጣጠር ሲሆኑ «እ.ኤ.አ.» ብለን እናመለክታለን።

ነገሩን ከራሳችን ጥፋት ብንጀምረው የሚሻል መሰለን።

ባለፈው ዓመት አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በተቀበልንበት ምሽት፣ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ ጐልማሳ ማሲንቆ ተጫዋች ጠርተን እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ያለ ዕረፍት ተጫወቱ። ከየአውራጃው የመጣውን ተማሪ በየአገሩ ስም እያነሡ አወደሱት፤ አዳራሹም በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። እኛም «ባህላችን! ቅርሳችን!» እያልን ደረታችንን ነፋን። በመጨረሻ የማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ወረቀት በመስታወት አስገብተን ሰጠናቸው፤ እራትም አበላናቸው። እርሳቸው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው እጅ ነሡ። ወደ በሩ ሲደርሱ ግን ከመካከላችን አንዱን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ለወረቀቱ እግዜር ይስጥልኝ፤ የመኪናውንስ ማን ይከፍልልኛል?» አሉት።

በዚያች ሰዓት እርስ በርሳችን ተያየን። ለድምፅ ማጉያው ኪራይ ከፍለናል፤ ለወንበሩ ኪራይ ከፍለናል፤ ለለስላሳውም ከፍለናል። ያልከፈልነው ለማሲንቆው ብቻ ነበር። ከየኪሳችን አዋጥተን የመሳፈሪያ ሰጥተን ሸኘናቸው፤ እፍረቱ ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

ይህን የምናነሣው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ ያነበብነውንና የጠየቅነውን ሁሉ ስናገናዝበው፣ እኛ በዚያች ሌሊት ያደረግነው ነገር አገራችን ለኪነ ጥበብ ከምታደርገው ጋር በጣም የሚመሳሰል ሆኖ አገኘነው። ለአዳራሹ፣ ለድንጋዩ፣ ለበዓሉ ወጪ ይወጣል። ጥበቡን በእጁና በጕሮሮው ለያዘው ሰው ግን የሚደርሰው ጭብጨባ ነው። እንግዲህ የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ መንግሥት ኪነ ጥበብን ረዳ የሚባለው ባለሙያው ሙያውን ለተተኪው እስኪያስተላልፍ ድረስ እንዲኖርበት ሲያደርግ ነው እንላለን።

*

አንዳንድ ጓደኞቻችን የመንግሥት እርዳታ የሚባለው ነገር ከፈረንጅ አገር የመጣ አዲስ ሐሳብ ይመስላቸዋል። ለጎንደር ልጅ ግን ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ወዲህ የተነሡት ነገሥታት ግንብ ብቻ አላሠሩም። ታላቁ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሲያሠሩ፣ እቴጌ ምንትዋብም ቍስቋምን ሲተክሉ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ርስተ ጉልት ይሰጥ ነበር። መሬቱም ለካህኑ፣ ለደብተራውና ለመሪጌታው በአገልግሎቱ መጠን ይደለደላል። ዜማ የሚያስተምረው፣ መጽሐፍ የሚጽፈው፣ ማኅሌት የሚቆመው ሰው የሚበላው ከዚያ ነው። ሠዓሊውም በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ ጥላ ሥር ይሠራ ነበር። የሥነ ጥበብ ሊቃውንት «ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል» ብለው የሚጠሩት ስልት ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጋር ተያይዞ የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። አዝማሪውም ቢሆን ከንጉሡና ከመኳንንቱ ግብር ቦታ ነበረው፤ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» እየተባለ ይጠየቅ እንደ ነበረ አባቶቻችን ይነግሩናል። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር ጉልቱ በጀት ነበር፤ ግብሩም ደመወዝ ነበር።

ነገር ግን ያንን ዘመን አሳምረን ብቻ ብናወራ ሐሰት ይሆንብናል። በመጀመሪያ የዚያን ሁሉ ጥበብ ዋጋ የከፈለው ገባሩ ነበር። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ቁልቁል የሚያዩን የመላእክት ፊቶች የተሣሉት በንጉሡ ቸርነት ነው ቢባልም፣ ለዚያ ቸርነት የሚሆነውን እህል ያመረተው በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ ነው። በሁለተኛም የሰጠ መንግሥት መልሶ ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘርፈው፣ መጻሕፍቱን ወደ መቅደላ አስወስደዋል። ከሁለት ዓመት በኋላም የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ከዚያው ከተከማቸው ብዙው ወደ ለንደን ተጓዘ። ጥበብን በአንድ ሰው እጅና ፈቃድ ላይ ማንጠልጠል አደጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። ከእኛ በፊት በዩኒቨርሲቲ የነበሩ ታላላቆቻችን «መሬት ለአራሹ» እያሉ የጮኹለት ነገር ስለ ሆነ፣ አዋጁ ገባሩን ከጭሰኝነት በማላቀቁ ልንቆጭ አይገባንም። የምንቆጨው በሌላ ነው። ጉልቱ ሲቀር የሊቁም መተዳደሪያ አብሮ ቀረ፤ በምትኩ ሌላ ነገር የተከለለት ግን የለም። ዛሬ የጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር ናት እየተባለ በመላው ኢትዮጵያ ይነገርላታል። ከሸዋም ከጎጃምም ከትግሬም ያለው ዜመኛ አቋቋምን ለማስመስከር ወደዚህ ይመጣል። ነገር ግን ደበሎ ለብሶ፣ ኮሮጆ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃችን የሚቆመው የቆሎ ተማሪ ማን እንደ ሆነ ጠይቀን እናውቃለን? ያ ልጅ ነገ የዚህ ጥበብ መምህር የሚሆነው ነው። እኛ በዩኒቨርሲቲ ተኝተን በልተን ስንማር፣ እርሱ ከዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የቤት ውሻ እየተከላከለ ይማራል።

*

ከጥንቱ ወደ ዘመናዊው እርዳታ ስንሻገር፣ ታሪኩ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ይዞራል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ጠላት በደጅ በነበረበት ጊዜ ተቋቋመ፤ ቲያትር ቤቱም ከዚያ ወጣ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ሽልማት ሲሰጥ አፈወርቅ ተክሌ በሥነ ጥበብ ተሸለሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተሸለሙ። ሽልማቱም ከዘውዱ ጋር አብሮ አለፈ።

እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። ሁሉም ግን በአዲስ አበባ ነበሩ። የደባርቅ ወይም የዳባት ልጅ ቲያትር ማየት ቢፈልግ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ ነበረበት።

ይህን ጉድለት በከፊል የሞላው ደርግ ነው ብንል እውነቱን መናገር ነው። በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ሲቋቋም፣ ወሎ ላሊበላን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ጎንደርም ፋሲለደስን አወጡ። በየቀበሌው ሲዘፍን የነበረ ወጣት መድረክ፣ ልብስና የሙዚቃ መሣሪያ አገኘ። ከእነዚያ ቡድኖች የወጡ ድምፃውያን እስከ ዛሬ ድረስ ይሰማሉ። ነገር ግን የሚዘፈነው ምን እንደ ሆነ ከላይ ይታዘዝ ነበር። ዘፈኑ ስለ ምርት ዘመቻ፣ ስለ አብዮቱና ስለ ግንባሩ ነበር። አዝማሪ ድሮ ጌታውን በሰምና ወርቅ ይወጋ ነበር፤ የኪነት ቡድን አባል ግን ወርቁን ትቶ ሰሙን ብቻ እንዲዘፍን ተደረገ።

ባለ ሥልጣን አዝማሪን የሚፈራው በከንቱ አይደለም። በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ፣ በየመንገዱ እየዞሩ የሚዘፍኑትንና የሚተርኩትን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንንም ሳይቀር እንዲገደሉ ማዘዙ በታሪክ ተመዝግቧል። መድፍና አውሮፕላን የነበረው ሰው አንዲት ክር ያላትን ማሲንቆ ከፈራ፣ የማሲንቆን ጉልበት ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

በሕግ በኩል ዛሬ ያለንበት ሁኔታ መጥፎ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን እንዲንከባከብና ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ እንዲያደርግ ኃላፊነት ጥሎበታል፤ በአንቀጽ 91 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን እንዲያስፋፋ ያዛል። በ1990 ዓ.ም. የባህል ፖሊሲ ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ደንግጓል። የፋሲል ግንብ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የጥምቀት በዓልም እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በቅርብ ዓመታትም ግንቡን ለማደስ ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። ይህን በደስታ እንመሰክራለን።

ነገር ግን የቅጂ መብት ይበልጡን የሚጠቅመው ሥራው ታትሞ ወይም ተቀርጾ ለሚሸጥለት ሰው ነው፤ ሌሊቱን በቃሉ እየፈጠረ ለሚያድር አዝማሪ ምን ያህል ይደርስለታል? ቱሪስት ይመግበዋል እንዳንል ደግሞ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ጦርነት የጎብኚ እግር አጥሮ አይተናል። በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችውን ወለቃን ተመልከቱ። ቤተ እስራኤል ሸክላ የሚሠሩባት መንደር ነበረች። ባለሙያዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ጭቃውም፣ እሳቱም፣ መንገዱም በቦታቸው ቀሩ፤ የሄደው በእጅ ውስጥ የነበረው እውቀት ነው። ሰው ከሄደ ቅርሱ አብሮ እንደሚሄድ ወለቃ በዓይናችን ፊት አሳይታናለች።

*

አሁን ሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት እንደ ያዙት እንመልከት።

ፈረንሳይ ከጥንት ጀምሮ መንግሥት በቀጥታ የሚረዳባት አገር ናት። ኮሜዲ ፍራንሴዝ የተባለው ቲያትር በሉዊ 14ኛ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1680 የተቋቋመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ጄኔራል ደ ጎል የባህል ሚኒስቴር አቋቁመው ለደራሲው ለአንድሬ ማልሮ ሰጡ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሳበን ግን ሌላ ነገር ነው። በፈረንሳይ የመድረክና የፊልም ሠራተኛ በዓመት 507 ሰዓት መሥራቱን ካስመሰከረ፣ ሥራ በማይኖርበት ወራት ከሥራ አጥነት መድን ገንዘብ ይከፈለዋል። የመድረክ ሥራ ወቅት እንዳለው፣ አርቲስቱም እንደ ገበሬ ክረምትና በጋ እንዳለበት ሕጉ ተረድቶታል ማለት ነው። የእኛም አዝማሪ በሠርግ ወራት ይጠግባል፤ ጾም ሲገባ ማሲንቆውን ይሰቅላል።

እንግሊዝ በሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1940 የጀርመን ቦምብ ከተሞቿን ሲያፈርስ ሙዚቃንና ሥነ ጥበብን የሚያበረታታ ጉባኤ አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. በ1946ም የጥበባት ምክር ቤት ሆነ። ለዚህ ዋና ደጋፊ የነበረው ታዋቂው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ኬይንዝ ነው። የምክር ቤቱ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ገንዘቡን መንግሥት ይሰጣል፤ ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን ሚኒስትሩ ሳይሆን ለዚሁ የተሾመ ነጻ ጉባኤ ይወስናል። ሚኒስትሩ አንድን ተውኔት ቢጠላው እንኳ፣ ስልክ ደውሎ እንዲቋረጥ የማዘዝ ልማድ እንዳይኖር ማለት ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሥራ አጥነት በበዛበት ዘመን፣ ሠዓሊዎችን፣ ተዋንያንን፣ ሙዚቀኞችንና ጸሐፊዎችን በመንግሥት ደመወዝ ቀጠረች። ሠዓሊው በፖስታ ቤትና በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይሥላል፤ ተዋናዩ በየከተማው ይጫወታል። የቲያትሩ ክፍል ግን ኮሚኒስትነት አለበት ተብሎ ስለ ተከሰሰ እ.ኤ.አ. በ1939 ምክር ቤቱ በጀቱን ከለከለው። በዴሞክራሲ አገርም ቢሆን «የበላበትን ወጭት ሰበረ» የሚባልበት ቀን እንዳለ ከዚህ እንማራለን።

በሶቪየት ኅብረት ደራሲው ቤት፣ ደመወዝና ማረፊያ ነበረው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1934 የደራስያን ማኅበር የመጀመሪያውን ጉባኤ ካደረገ ወዲህ የአጻጻፉ ስልት በመንግሥት ተወሰነ፤ ከማኅበሩ የተባረረ ሰው የሚያሳትምበት አጣ። በአፍሪካም ጊኒ እ.ኤ.አ. በ1958 ነጻ ከወጣች በኋላ፣ የሴኩ ቱሬ መንግሥት በየክፍለ ሀገሩ ኦርኬስትራ አቋቁሞ፣ ሙዚቀኛውን በደመወዝ ቀጥሮ፣ ሲሊፎን በተባለ የመንግሥት ማሳተሚያ ሸክላ አስቀረጸ። እነ ቤምቤያ ጃዝ የመላውን ምዕራብ አፍሪካ ጆሮ ያዙ። ሙዚቃው ግሩም ነበረ፤ ውዳሴው ግን ለአንድ ሰውና ለአንድ ፓርቲ ነበር። የጊኒን ታሪክ ስናነብ የኛኑ የኪነት ቡድኖች ታሪክ በፈረንሳይኛ የምናነብ መሰለን።

ሆላንድ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ቸርነት ምን እንደሚያመጣ አሳይታለች። ገቢ የሌለው ሠዓሊ ሥራውን ለመንግሥት ሲሸጥ ገንዘብ ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 አሠራሩ እስኪቀር ድረስ ሥዕሉ በመጋዘን ተከማቸ፤ ተመልካች ያገኘው ጥቂቱ ነው። ሜክሲኮ የበለጠ ዘዴ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የትምህርት ሚኒስትሩ ቫስኮንሴሎስ የመንግሥትን ግድግዳዎች ለነ ዲየጎ ሪቬራ ከፍቶ ሰጠ። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ታሪኩን ከግድግዳ እንዲያነብ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሠዓሊ አስቀድሞ ያወቀው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 ወዲህ ደግሞ የሜክሲኮ ሠዓሊ ግብሩን በሥዕል መክፈል ይችላል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ለ2,000 አርቲስቶች በሳምንት 325 ዩሮ መስጠት ጀመረች፤ ማን ያግኝ የሚለውንም በዕጣ ወሰነችው። ዕጣ ወገን ስለሌለው፣ «የእገሌ ዘመድ» የሚል ሐሜት አይነሣበትም።

ለእኛ ለጎንደሮች ግን ከሁሉ የሚቀርበው የጃፓን መንገድ ነው። ጃፓን በጦርነት ተሸንፋ፣ ከተሞቿ ተቃጥለው ባሉበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣች። ሕጉ ቤተ መቅደስና ሐውልት ብቻ ሳይሆን በሰው ውስጥ ያለ ሙያም ቅርስ ነው አለ። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሰይፍ ቀጥቃጩን፣ ተዋናዩን እየመረጠች ሰየመች፤ ሕዝቡም «ሕያው የአገር ሀብት» ብሎ ጠራቸው። ለእያንዳንዳቸውም በዓመት ሁለት ሚሊዮን የን ይሰጣል፤ ገንዘቡም ሙያቸውን እንዲያጠብቁና ተተኪ እንዲያሠለጥኑበት ነው። ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ1962 ይህንኑ መንገድ ተከተለች። ልብ በሉ፤ ኮሪያ በዚያን ጊዜ ሀብታም አልነበረችም። የኢትዮጵያ ወታደሮች ዘምተው ከተዋጉላት ከጦርነቱ ገና አሥር ዓመት አልሞላትም ነበር።

*

እዚህ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች እናውቃለን፤ ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ በመኝታ ቤታችን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረንባቸዋል።

የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን «መድኃኒት ለሌለው ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ለማሲንቆ ገንዘብ ይሰጣልን?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሳችን ግን፣ እኛ የምንጠይቀው ሌላ ግንብ እንዲሠራ አይደለም፤ የአንድ መምህር የወር ቀለብ ነው። ጤና ጣቢያ ዘንድሮ ባይሠራ ከርሞ ሊሠራ ይችላል። አቋቋሙን የያዘው ሊቅ ተተኪ ሳይተካ ቢሞት ግን ከርሞ የሚሠራው የለም። እንግሊዝ በቦምብ ሥር፣ ጃፓንም በፍርስራሽ ላይ ሆነው የጀመሩት ይህን ስለ ተረዱ ነው። ሕገ መንግሥቱ «አቅም በፈቀደ መጠን» ሲል፣ አቅም እስኪተርፍ ጠብቁ ማለቱ አይመስለንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን መምህር ከመንግሥት እንዴት ይረዳል?» የሚል ነው። እኛም መለያየታቸውን እንደግፋለን። ነገር ግን የሚረዳው ሙያው እንጂ እምነቱ አይደለም። ፈረንሳይ ሃይማኖትን ከመንግሥት እ.ኤ.አ. በ1905 በሕግ ለይታ፣ ትልልቆቹን ካቴድራሎች ግን ዛሬም ድረስ መንግሥቷ ይጠግናቸዋል። በእኛም አገር ለአቋቋም መምህሩ የሚሰጠው ለሙስሊሙ ወገናችን መንዙማ አዋቂ፣ ለሸክላ ሠሪዋም እናት፣ ለአዝማሪውም በአንድ ዓይነት ሚዛን ሲሰጥ ሕጉ አይፈርስም።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ «መንግሥት የሚቀልበው አዝማሪ መንግሥትን ብቻ ያወድሳል» የሚለው ነው። ይህን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከራሳችን አይተነዋል። ስለዚህ የምንመኘው እርዳታ አራት ነገሮች ያሉት ነው። አንደኛ፣ ባለሙያውን የሚመርጡት የሙያው ሰዎች ይሁኑ፤ አቋቋምን የሚመዝነው አቋቋም ያወቀ ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የሚሰጠው ላስተማረው ነገር እንጂ ላወደሰው ሰው አይሁን። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ የተሰየመ ባለሙያ ደስ የማያሰኝ ነገር ስለ ተናገረ እንዳይሰረዝ በሕግ ይጻፍ። አራተኛ፣ ምንጩ የታወቀና የማይናወጥ ይሁን።

ስለ ምንጩ አንድ ሐሳብ አለን። ወደ ፋሲል ግንብ የሚገባ ጎብኚ ትኬት ይገዛል። ከዚያ ትኬት ጥቂት ሳንቲም ለሕያዋን ባለሙያዎች ቢመደብ ምን ይጎድላል? ጎብኚ ሲበዛ ይበዛል፤ በክፉ ዘመን ሲያንስ ደግሞ የክልሉ በጀት ይሙላው። ድሮ ገባሩ ሊቁንም ግንቡንም ይቀልብ ነበር፤ አሁን ግንቡ ተራውን ሊቁን ይቀልበው እንላለን።

*

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ጓደኞቻችን፤

መንግሥትን መምከር ቀላል ነው፤ ማይክሮፎንና ወረቀት ብቻ ይበቃዋል። ከራስ መጀመር ግን ከበድ ይላል። ስለዚህ ለዛሬው ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን፤ ከንግግሩ በኋላም ድምፅ እንዲሰጥባቸው እንለምናለን።

አንደኛ፤ ከእንግዲህ ማኅበራችን የሚጠራው ማናቸውም ባለሙያ፣ ማሲንቆም ይምታ፣ ዋሽንትም ይንፋ፣ ቅኔም ይቀኝ፣ ዋጋው አስቀድሞ ተነግሮት በዚያው ሌሊት ይከፈለው። ለድምፅ ማጉያ ገንዘብ ካለን ለድምፁም አለን። የምስጋና ወረቀቱ ይቅር አንልም፤ ብቻውን ግን አይሂድ።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዱ አባል በወር ጥቂት ብር እያዋጣ ቢያንስ አንድ የአቋቋም ደቀ መዝሙርና አንድ ማሲንቆ የሚማር ልጅ ዓመቱን በሙሉ እንርዳ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና፣ ይህ ለማንኛችንም የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነው።

ሦስተኛ፤ የቋንቋና የታሪክ መምህራኖቻችን ቢመሩን፣ በጎንደር ዙሪያ ካሉት ባለሙያዎች ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ስማቸውን ጽፈን፣ ድካማቸውንም ከፍለን ድምፃቸውን እንቅረጽ። ቅጂው በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግን ለንግድ አይውል። ይህ መንግሥትን የሚተካ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ መንግሥት ነገ «ማንን ልርዳ?» ብሎ ቢጠይቅ የምናቀርበው የስም ዝርዝር ይኖረናል።

በመጨረሻ ወደዚያ ማሲንቆ ተጫዋች እንመለስ። ይህን ንግግር ከማዘጋጀታችን በፊት ሦስት ሆነን ወደ ቤታቸው ሄደን ነበር። የዚያን ሌሊት ዋጋቸውን ዘግይቶም ቢሆን ይዘንላቸው ሄድን። የምስጋናው ወረቀት ከግድግዳው ላይ ከነመስታወቱ ተሰቅሏል። ማሲንቆው ከጎኑ ተሰቅሏል። ልጃቸው ማሲንቆ ይማር እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፣ ልጁ ባጃጅ እንደሚነዳ ነገሩን። አባትየው አላዘኑም፤ እንዲያውም ልጃቸው በየቀኑ ገቢ እንዳለው በኩራት አወሩልን። ያዘንነው እኛ ነን። ባጃጅ መንዳት የሚያሳፍር ሥራ ስለ ሆነ አይደለም፤ የልጁ ልጅ ማሲንቆ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ቢፈልግ፣ ግድግዳው ላይ የሚያገኘው ወረቀቱን ብቻ እንዳይሆን ስለ ፈራን ነው።

 አሁን ጥያቄና ድምፅ የእናንተ ነው።